ሲቀደድስ?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ተራራ መውጣት ከተለመደ ወዲህ ከቅዳሜና እሑድ የጉዞ ማስታወቂያዎች ግርጌ የማትጠፋ አንዲት መስመር አለች፦ «የዝናብና የብርድ መከላከያ ከቤት ይዛችሁ ኑ።» ከማን ቤት? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ወንጪ አፋፍ ላይ ለሚወርድ በረዶ የሚሆን ምን አስቀምጧል? ጋቢ አለው። ፌስታል አለው። የቆሻሻ ላስቲክ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ያረጀ ጂንስ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለው። የጎደለውን በብልሃት ይሙላው ተብሏል፤ ብልሃቱን የሚያስተምረውም አይጠፋም። ላስቲኩን ሦስት ቦታ ቅደድና ልበሰው፣ ፌስታሉን ካልሲህ ላይ ደርበው፣ የመጥረጊያውን እንጨት ምርኩዝ አድርገው ይለዋል። እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም ይነግረዋል። የተሠራው ነገር በተቀደደ ሰዓት የት እንደሚሆን የሚጠይቀውስ ማን ነው?

በቤት ዕቃ መከላከያ መሥራት ነውር ነው እያልኩ ነው? በፍጹም። ከውጭ የሚገባ የዝናብ ጃኬት የጀማሪ ሠራተኛን ደመወዝ በሚፈታተንበት ከተማ ሠርቶ መልበስ ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም። የማይገባኝ ለቁርጭምጭሚትም ለነፍስም አንድ ዓይነት ምክር መሰጠቱ ነው። ቢበላሽ የሚያበሰጭና ቢበላሽ የሚገድል ነገር በአንድ ትንፋሽ «ራሳችሁ ሥሩት» ይባላል?

ከእረኛው የማዳበሪያ ከረጢት እንጀምር፤ ክብር የሚገባው እሱ ነው። እረኛው ዝናብ ሲመጣ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ያየ ሰው አለ? የማዳበሪያውን አንድ የታች ጥግ ይዞ ወደ ሌላኛው ጥግ ውስጥ ይከተዋል፤ ሹል ቆብ ይወጣዋል። ቆቡን ይደፋል፣ የቀረው ጀርባውን ይዞ እስከ ወገቡ ይወርዳል። መቀስ አልነካውም፣ ክር አልገባበትም። ዝናቡ ሲያባራ ይገለብጠዋል፤ ማታ እህል ይጫንበታል። የሚሠራበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ፊቱ ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፤ ላብ አይታፈንም። እረኛው ደግሞ አይሮጥም፤ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ይቆማል። ሽመናው እየቆየ ማሳለፉ አይቀርም፤ ግን እረኛው የሚቆየው እስኪያባራ ብቻ ነው፣ ቤቱም እዚያ ማዶ ይታየዋል። ስለዚህ ማዳበሪያው የመከላከያው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጭሱ የሚታየው ጎጆ ነው፤ ውስጡ እሳት አለ፣ ደረቅ ጋቢ አለ። ከተሜው ማዳበሪያውን ሲቀዳ ጎጆውንም ይዞ ይሄዳል?

አልያዘም። የያዘው የቆሻሻ ላስቲክ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ለራሱ፣ ሁለት ለክንዱ። ሽቅብ ይወጣል፣ ቦርሳ ተሸክሟል፣ ያልበዋል። ላስቲኩ ዙሪያውን ዝግ ነውና ላቡ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዙ ይርሳል። ውሃው ከደመናው መጣ ወይስ ከራሱ ገላ፣ ለሚበርደው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ከዚያ ብብቱ ጋ ይቀደዳል። ለምን ሁልጊዜ ብብቱ ጋ? በመቀስ የተቆረጠ ላስቲክ ዳርቻው ትንሽ እንኳ ጥርስ ካለው መቀደድ የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ የቦርሳው ማንገቻም የሚጎትተው እዚያው ነው። ቀዳዳውን ክብ አድርጎ መቁረጥና ዳርቻውን ዙሪያውን በፕላስተር መለጠፍ ዕድሜ ይጨምርለታል። እሱን የሚነግረው ስንቱ ነው? ይባስ ብሎ የላስቲኩ ትክክለኛ ቦታ ሌላ ነው፤ ከሰውየው ይልቅ ለቦርሳው ይጠቅማል። ቦርሳው ውስጥ ዘርግቶ ቅያሪ ሹራብና ካልሲ ከትቶ አፉን ጠምዝዞ ማሰር፣ በቃ። ደረቅ ሹራብ ያለው ሰው ዝናብ ቢመታውም ማታውን ያልፋል። ግን የላስቲክ ካፖርት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ቦርሳ ውስጥ የተጠቀለለ ሹራብ ፎቶ አይሆንም።

«አባቶቻችንስ በምን ነበር የሚሄዱት?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በምን ነበር? መንዝ ጓሳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ደጋ፣ በጌሳ ነበር። ከጓሳ ሣር የሚሠራው ይህ የዝናብ ልብስ ሣሩ ወደታች ተደርቦ ስለሚወርድ ውሃው አገዳውን ተከትሎ ይንሸራተታል፣ በሣሩ መካከል ደግሞ አየር ይኖራል፤ ላስቲክ ያቃተው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሣሩም ዝም ብሎ የሚታጨድ አልነበረም። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ሣር እንዳያልቅ ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ዘመን ሲያያዝ በመጣ ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፈት ነበር። እንግዲህ ይህን ሁሉ እውቀት የያዘውን ልብስና ሌሊት በመቀስ የተበሳውን ላስቲክ «ባህላዊ ብልሃት» ብሎ አንድ ላይ መጥራት ተገቢ ነው? ጌሳ በቤት የሚሠራ ቢሆንም የአንድ ሌሊት ሥራ አልነበረም።

ብርዱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። አየር ሽቅብ በወጣን ቁጥር በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሰሜን ተራሮች ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ከፍታው ብቻውን 8 ዲግሪ ያህል ያወርዳል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ለዚህ ተጓዡ የያዘው ጋቢ ነው። ጋቢ ሲደርቅ ማን ይችለዋል? አራት እጥፍ ጥጥ በመካከሉ የሚይዘው አየር ነው ሙቀቱን የሚጠብቀው። በራሰ ጋቢ ግን ያ አየር ሁሉ በውሃ ተተክቷል ማለት ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። የራሰ ጋቢ የለበሰ ሰው ራቁቱን ቢሆን ይሻለው ነበር የሚያሰኝ ሰዓት አለ። ጂንስም ያው ጥጥ ነው፣ ቲሸርትም ያው። እዚህ ላይ ነው ሳቅ የሚመጣኝ፤ ብዙ አዘጋጆች ከሚያስከፍሉት ገንዘብ ላይ ለተጓዡ የሚሰጡት ልብስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ስማቸው የታተመበት የጥጥ ቲሸርት።

ታዲያ ከቤት ምን ይውሰድ? ሱፍ። የእናቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ የመንዝ ባና፣ አክስቱ በእጇ የሠራችው ያደፈ የሱፍ ሹራብ። ሱፍ ቢርስም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም፤ የመንዝ ሰው በጎቹን ሸልቶ ባና የሚያሠራው ለጌጥ መሰላችሁ? ቤት ውስጥ ሱፍ ካልተገኘስ? መርካቶ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ከቦንዳው መሐል አገላብጦ የሱፍ ሹራብና ዚፑ የሚሠራ የዝናብ ጃኬት መፈለግ ይቻላል። በቤት ዕቃ የመሥራት ፍቅር አንዳንዴ ይህን ቀላሉን መንገድ ለምን እንደሚሸፍንብን አይገባኝም። ለላስቲክ፣ ለፕላስተርና ለሙከራ የወጣው ብር ተደምሮ የሰልባጅ ጃኬት አይገዛም ነበር?

ከቤት የሚሄድ አንድ ነገር ላይ ግን ጥያቄ ብቻ አይበቃም፣ መጮህ ያስፈልጋል። ከሰል። ሌሊቱ ሲከፋ «ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ከሰል ብናስገባስ?» የሚል ሰው ስንት ቡድን ውስጥ አለ? ከሰል በመስኮት አልባ ክፍል ስንቱን ቤተሰብ ሌሊት ተኝቶ እንዳስቀረ እያወቅን፣ ዚፑ እስከ አፍንጫ የተዘጋ ድንኳን ከየትኛው ክፍል ይሻላል? ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስልም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ ጋዙም ጠፋ ማለት አይደለም። ሙቀት የፈለገ ውጪ በነደደ እሳት ውሃ አሙቆ፣ ሳይፈላ፣ ሃይላንድ ውስጥ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ የሱፍ ካልሲ አልብሶ እግሩ ሥር ያድርገው። የፈላ ከተሞላበት ፕላስቲኩ ይኮማተራል፤ ያንጊዜ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በራሰ መኝታ ነው።

እግርስ? ፌስታል በካልሲ ላይ ደርቦ ጫማ የሚያጠልቅ ሰው ለጥቂት ሰዓት ደርቆ ይቆያል፣ ከዚያ በላቡ ይቀቀላል፤ የለሰለሰ ቆዳ ቁልቁለት ላይ ውሃ ይቋጥራል። በረባሶና ኮንጎ ጫማ ለጠፍጣፋ መንገድ ያገለገሉትን ያህል በረጠበ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያንሸራትታሉ። ይህን ስል «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው?» የሚለኝ አላጣም። አዎ፣ በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሮም፣ የተገኘው ጫማ ስላልተመቸው አውልቆ ሮጦ አሸነፈ። በ1964ስ ቶኪዮ ላይ በምን ሮጠ? በጫማ። ያኔም አሸነፈ፣ ያውም ከሮሙ በፈጠነ ሰዓት። ከአበበ መማር የፈለገ ያልተመቸን ጫማ መጣልን ይማር እንጂ ጫማ መናቅን ከየት አመጣው? ደግሞስ ባዶ እግር ምርጫ ያልሆነባቸው ሰዎች ባሉበት አገር፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት በሚያመጣበት ደጋ፣ ባዶ እግርን ጀግንነት ማድረግ አይከብድም?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገዳይ ልምጣ። የልብስ ማስጫ ገመድ ሰው አይሸከምም። ይህ እንዴት ጥያቄ ይሆናል? ገመዱ እርጥብ ብርድ ልብስ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ የሚወድቅ ሰው የሚያሳርፈውን ንጥቂያ አያውቀውም። እዚህም አባቶቻችን ይጠራሉ፤ ደብረ ዳሞ ላይ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር አይወጣም ወይ ይባላል። ይወጣል። ግን ጠፍሩን ብቻ ነው ያያችሁት? ወጪው የሚጨብጠው አንዱን ነው፤ ሌላው ወገቡ ላይ ታስሮለታል፣ ጫፉን ደግሞ ላይ ሆኖ የሚስብ መነኩሴ አለ። ያ መነኩሴ በየቀኑ ያንኑ ጠፍር የሚያይ፣ የላላውን የሚያውቅ፣ የወጪውን ክብደት በእጁ የሚለካ ሰው ነው። ገመዱን ገዝቶ ወይም ከበረንዳ ፈትቶ የሄደው ጎረምሳ ላይ ሆኖ የሚስብለት ማን አለው? የራስ መከላከያም እንዲሁ ነው። ሄልሜት የሚያድነው ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ምቱን ስለሚውጥ ነው፤ ድስት ወይም የፕላስቲክ ሳህን ጨርቅ ቢደረግበትም ምቱን ለራስ ቅል ያስተላልፋል። ገመድና የራስ ቁር የሚያስፈልግበት ቦታ በቤት ዕቃ አይኬድም። ካልተገኘ መንገዱ ይቀየራል፣ ተራራው የትም አይሄድም።

የፀሐዩም ነገር ትንሽ ይነሳ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ የራጅ ፊልም ዓይንን አያድንም ተብሎ ምን ያህል ማስጠንቀቅ አስፈልጎ ነበር! ጥቁር የሆነ ሁሉ የሚከላከል ይመስለናል። በተራራ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጨረሩን የማያጣራ ጥቁር መነጽር የዓይንን ብሌን አስፍቶ ጨረሩን ያስገባል። ነጠላ ተከናንቦ ሰፊ ባርኔጣ መድፋት ከዚያ መነጽር ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ምንም መሥራት አያስፈልግም።

ሠርተን ልንኮራበት የሚገባን ነገር የለም ማለት ነው? አለ፤ ዱላ። የወይራ ዱላ ከሱቅ ከሚገዛው አሉሚኒየም በምን ያንሳል? ሲጫኑት አይታጠፍም፣ ውሻ ያርቃል፣ ቁልቁለት ላይ ከጉልበት ሸክም ይቀንሳል። ልኩን ማወቅ ነው፤ ቆመው ሲይዙት ክርን ቀጤ ማዕዘን ይሥራ፣ ጫፉ አይሹል፣ መያዣው ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ ይጠምጠምበት፤ በዝናብ እጅ አያመልጥም። የመጥረጊያው እንጨት ግን ዱላ አይደለም፤ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ይሰበራል፣ የተሰበረውም ጫፍ ጦር ነው። ቢሰበርስ? ሰውየው ያነክሳል፣ ይሳደባል፣ ይመለሳል። በቤት ዕቃ የመሥራት ድንበሩ እዚህ ጋ ቢሆን እስማማለሁ፤ ቢበላሽ ባለቤቱ ተሳድቦ ከሚመለስበት ላይ።

አሁን አዘጋጆችን ልጠይቅ። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ከመነሳቱ በፊት የሰዎቹን ቦርሳ የሚያይ አለ? ቡድኑን የሚመራው ሰው ሁለት ትርፍ ሹራብ ይዟል? የሚንቀጠቀጠው ሰው መንቀጥቀጡን አቁሞ መንተባተብና መደናቀፍ ሲጀምር ተሻለው ማለት ሳይሆን የባሰ መሆኑን፣ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ደህና ነኝ ብሎ እንደሚከራከር ያውቃል? በሐምሌ ወጨጫ ላይ ጉም ሲወርድ «እንመለስ» የማለት ሥልጣን የማን ነው? ወይስ የሚመለስ ቡድን ገንዘብ መልሱልን ይላል ተብሎ ይፈራል? «ከቤት ይዛችሁ ኑ» የምትለዋ መስመር ኃላፊነትን ከአዘጋጁ ኪስ አውጥታ ተጓዡ ቦርሳ ውስጥ የምትከት ካልሆነች ምንድን ናት? ቢያንስ ምን መያዝ እንዳለበት በስም መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? አንድ የሱፍ ሹራብ፣ አንድ ቅያሪ ካልሲ፣ የማይቀደድ የዝናብ ልብስ፤ የሌለው ይንገረን፣ እናከራያለን። ማከራየት ንግድም ነበር እኮ።

ለነገሩ የቤት ዕቃ ለብሰው ተራራ የሚወጡት እውነተኛዎቹ ሰዎች ለጨዋታ የሚሠሩት አይደሉም። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅ በኩል የሚያልፈውን ቡድን ልብ ብላችሁ እዩት። ከፊት ባለ ብዙ ዚፕ ጃኬት የለበሰ እንግዳ ይሄዳል፤ ከኋላው በቅሎ የሚነዳው ሰው ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ላስቲክ ደርቦ የእንግዳውን ድንኳን ይጭናል። ያለ እሱ አንድም ሻንጣ ጨነቅ አይደርስም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ ጠባቂ፣ መግባት አይፈቅድም፤ ስካውቱ ደግሞ ጠመንጃውንና አንድ ብርድ ልብሱን ይዞ በዚያው ብርድ ያድራል። ያንን ላስቲክ እንግዳው ቢለብሰው «ብልሃተኛ» ይባላል፣ ፎቶም ይነሳበታል። በቅሎ ነጂው ሲለብሰው ለምንድን ነው ማንም የማያየው? «እነሱ ለምደውታል» ማለትስ ምን ማለት ነው? ብርድ የለመደ ሳንባ አለ? ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን ራስ ደጀን ለማየት በሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ለመኪናው፣ ለምግቡ፣ ለአስጎብኚው፣ ለመግቢያው የተያዘ መስመር አለ። የበቅሎ ነጂው የዝናብ ልብስና ጫማ በየትኛው መስመር ላይ ተጽፏል?